ሰይፉ አብሮ ሲወርድ

ዋረን ፒክ ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩ ፊት ተዘርሮ ተገኘ። ጭንቅላቱ በብረት ማሞቂያው ጠርዝ ተፈንክቷል፤ ስክሪኑ እንደበራ ነው። የዩኒቨርሲቲው ሰዎች «አዳልጦት ነው» ብለው ሊገላገሉ ቸኮሉ። መርማሪ ሄዝል ብራንት ግን ወንበሩን አየችው። ተስተካክሎ ጠረጴዛው ሥር ገብቷል። የሞተ ሰው መቼም ወንበር አያስተካክልም።

እሑድ ሕንፃው ዝግ ነበር። ከዋረን ሌላ ቁልፍ ያላቸው የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ሌትነር፣ የዋረን እጮኛ ጁዲት ኖልና ጓደኛው ዱዌይን ስትራውድ ብቻ ናቸው። ዱዌይንና ዋረን ስንት ዓመት እንቅልፍ አጥተው አንድ ጨዋታ ሠርተዋል፤ ተጫዋቹ ጀግና ሆኖ ዋሻ ውስጥ ወለል በወለል ይወርዳል፣ ከሞተ ሞተ። ጨዋታው ሌላ ቅጂ የለውም። ያለው እዚያው ማሽን ውስጥ ነው።

ሌትነር ምንም አልደበቀም። «ማሽኑ የተገዛው ለፊዚክስ እንጂ ለጭራቅ አይደለም! ዛሬ ይጥፋ ብያለሁ። ዋረንም እሑድ ራሱ ሊያጠፋው ተስማምቶ ነበር፤ አለዚያ ይባረራላ!»

የጁዲት ዓይን በለቅሶ አብጧል። «ቅዳሜ ፒዛ እየበላን በቃኝ አለኝ። ያ ሰይፍ አስመርሮት ነበር።»

«የምን ሰይፍ?»

«ጀግናው አራተኛው ወለል ሲደርስ ሰይፉ ድራሹ ይጠፋል። የፕሮግራም ስህተት ነው። ሁለቱም ሲፈልጉት ከረሙ፣ አቃታቸው። ነገ ለማጠፋው ነገር ምን አደከመኝ ብሎ ተወው።»

ዱዌይን ደግሞ እሑድን ቤቱ ተኝቶ እንደዋለ ተናገረ።

«እስቲ ጨዋታውን አሳየኝ። እኔ እኮ ካርታ እንኳ በቅጡ አልጫወትም» አለችው ብራንት።

ፊቱ በራ። «ሣጥኑን ሲከፍቱ ሰይፍ ያገኛሉ። እሱን ይዘው እስከ አራተኛው ወለል ይውረዱ። ያለ እሱ እዚያ ያለውን ዘንዶ አይችሉትም።»

ብራንት ጁዲትን አጠገቧ አስቀምጣ ተጫወተች። ሞተች፣ እንደገና ጀመረች፣ ደግማ ሞተች። በመጨረሻ አራተኛው ወለል ደረሰች። ሰይፉ እጇ ላይ ነው።

«ወይኔ! ማን አስተካከለው?» አለች ጁዲት።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም እዚያው ክፍል ተሰበሰቡ።

«ቅዳሜ የተበላሸ ነገር ዛሬ ይሠራል» አለች ብራንት። «ሚስተር ሌትነር፣ ሊያጠፉት የፈለጉትን አይጠግኑም። ጁዲት፣ አንቺ ብትሆኚ ስለ ስህተቱ ባልነገርሽኝ።»

«ዋረን ራሱ ጠግኖት ቢሆንስ?» አለ ሌትነር።

«ይሁን። ቤቱ ተኝቶ የዋለ ሰው ግን በምን ያውቃል? ዱዌይን፣ ሰይፉ አብሮኝ እንደሚወርድ ማን ነገረህ?»

ዱዌይን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ሊያጠፋው ሲል ገፋሁት። በክርስቶስ፣ መግደል አላሰብኩም! ከዚያ ስክሪኑን ቀና ብዬ ሳየው... ስህተቱ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። እንዴት ልለፈው? ተቀምጬ አስተካከልኩት፤ ስወጣ ወንበሩን መለስኩት።»

«ያኔ ይተነፍስ ነበር?» አለች ጁዲት።

ዱዌይን ፊቱን ከእሷ አዞረ።

«ጨዋታው ግን ማስረጃ ነው፣ አይነካም አይደል?» ብሎ ብራንትን ለመናት።

ሌትነር ጉሮሮውን ጠረገ። «ከምሳ በኋላ አጥፍቼዋለሁ። ተው ያለኝ የለም።»

ብራንት ከንፈሯን ነከሰች። ተው ማለት የነበረባት እሷ ነበረች።

ዱዌይን እጁን ለካቴና ዘረጋ። «እርስዎ ግን ወርደዋል። ሰይፉ አብሮዎት ወረደ?»

«ወረደ» አለች ብራንት።

ዱዌይን ፈገግ አለ። ጁዲት የጮኸችው ያኔ ነው።