በሦስት ቅጂ

«የዝውውር ማመልከቻ» ከነክፍተቱ አሥራ አንድ ፊደል ነው። ርዕሱ መሃል እንዲያርፍ ግማሹን ያህል ወደ ግራ መመለስ ነው፤ ግማሹ ግን አምስት ተኩል፣ ታይፕ ደግሞ ግማሽ እርምጃ አያውቅም። ተናኘወርቅ ፈገግ አለች። የቀበሌው ታይፒስት እትዬ ማሚቱ እንዲህ ሲገጥማት «ወደ ግራ አድዪ፣ ዘመኑ የግራ ነው» ትላለች። ምሳ ስትወጣም ታይፑን ለእሷ ትተውላታለች። ተናኘወርቅ ከወረቀቱ መሃል ስድስት ጊዜ ወደ ኋላ መለሰችና ርዕሱን መታች፤ ከሥሩም አሰመረችበት።

ማመልከቻው የእናቷ የሲስተር አበራሽ ነው። ከደብረ ታቦር ተመድባ አሰላ ከመጣች ስምንት ዓመቷ። አምና በእጇ ጽፋ ብታስገባ «በታይፕ ይቅረብ» ተብሎ ተመለሰላት። ዘንድሮ ማመልከቻ የማስገቢያው የመጨረሻ ቀን ነገ ነው።

በመስኮቱ በኩል የጭላሎ ተራራ ጉም ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል። ተናኘወርቅ እያየችው ሐሳቧ ነጎደ። ወደ ሳጉሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ገብሱ ሲተኛና ሲነሳ፣ እሷና ጓደኛዋ ዙቤዳ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ ዓመታት እንዲሁ ሲያልፉ ታያት። ደብረ ታቦርን በልጅነቷ ትታው ስለመጣች የቀራት ስሙ ብቻ ነው። መሄድ አትፈልግም።

ዙቤዳ ትናንት መላ ሰጥታታለች። «አቦ፣ አንድ መስመር ዝለዪ። ይመልሱታል፣ በቃ አትሄዱም። ማን ያውቅብሻል?»

የእናቷ ረቂቅ አምስተኛው መስመር ላይ «ብቸኛ እናቴ ታመው ያለ ጧሪ ቀርተዋል» ይላል። ምክንያት የሌለው ማመልከቻ እንደማይታይ ተናኘወርቅ ታውቃለች። እጆቿ በራሳቸው የሄዱ ይመስል ከአራተኛው መስመር ቀጥላ ስድስተኛውን ጻፈች።

ማታ እናቷ ከሆስፒታል ደክሟት ገባች። ነጭ ጋውኗን እንኳን ሳታወልቅ እስክሪብቶ አነሳች።

«አታነቢውም?» አለች ተናኘወርቅ።

«አንቺ የጻፍሽውን ምን አነበዋለሁ?» ሦስቱም ቅጂ ላይ ፈረመችና ርዕሱን በጣቷ ዳሰሰችው። «እንዴት ያምራል። ዘንድሮስ እማማን ሳልደርስላቸው አይሞቱብኝም።»

ተናኘወርቅ ሦስቱን ወረቀቶች ሰበሰበች።

«እማዬ፣ ነገ ጠዋት ሥራ ሳትገቢ ቀበሌ አብረን እንሂድ። እንደገና ትፈርሚያለሽ።»

«ምነው፣ ተሳሳትሽ እንዴ?»

አዎ ማለት ይቻል ነበር። እናቷ ስቃ ታልፈዋለች።

«አልተሳሳትኩም» አለች ተናኘወርቅ። «የአያቴን መስመር ሆን ብዬ ነው የዘለልኩት።»