«ይጠብቃል»

የፓምፑ ክዳን ጣሪያው ውስጥ ተሰክቶ ተገኘ።

ሰው አልሞተም። ወለሉ ግን በውኃ ተጥለቅልቋል፤ የጦር ሰፈሩ ሆስፒታል ከማለዳ ጀምሮ ጠብታ ውኃ የለውም። አዛዡ «ይሄ ሻጥር ነው» ብለው ሜካኒኩን አሳሰሩ። ነገ ጠዋት ጦር ፍርድ ቤት ይቀርባል።

መርማሪዋ ሻምበል ሱሪዋን ጠቅልላ ገባች። የክዳኑን አራት ብሎኖች ከውኃው ውስጥ ለቀመች። የብሎን ማጥበቂያ ቁልፍ የነካቸው አይመስሉም፤ በጣት ብቻ የገቡ ናቸው።

«ከግምጃ ቤት አሮጌ ብሎን ተሰጥቶት ይሆናል» አሏት በቦታው የነበሩት ወታደሮች። ግምጃ ቤት ኃላፊው ካርቶኑን አሳያት። ብሎኖቹ አዲስ ናቸው።

«ፈቃድ ተከልክሎ አኩርፎ ነበር» አሏት ደግሞ። ይሄኛው እውነት ነው። የሜካኒኩ ሚስት ለመውለድ ቀኗን እየቆጠረች ነበር።

ሜካኒኩ ወደዚህ ከተዛወረ ሳምንቱ ነው። አርባ ዓመት ያለፈው፣ የተረጋጋ ሰው። ሻምበሏ እስር ክፍሉ ድረስ ሄዳ ጠየቀችው።

«ብሎኑን ለምን አላጠበቅህም?»

«መመሪያው አላለኝማ።»

«ምን አለህ?»

«ጠብቅ አለኝ። ጠበቅኩ።»

«ምኑን?»

«ማጣበቂያው እስኪደርቅ መስሎኝ ነዋ፤ ክዳኑን የሚይዘው እሱ ነው ብዬ። ግማሽ ሰዓት ቆሜ ጠበቅኩ፤ ከዚያ ሞተሩን አስነሳሁ።»

ልትቆጣው አፏን ከፍታ ተወችው። እንዲህ ያለ ውሸት ማንም አይፈጥርም።

የመመሪያውን መጽሐፍ ገለጠች። ዘጠኝ መስመር የፈጀ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። መጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «ክዳኑ ማጣበቂያ ተቀብቶ ብሎኖቹ በእጅ የሚገቡ ሲሆን ከዚያ ይጠብቃል፤ ሞተሩም ይነሳል።»

ወደ ፓምፑ ክፍል ተመለሰች። ግድግዳው ላይ አራት የፕላስተር ምልክቶች አየች።

«እዚህ ምን ነበር?»

«የሥልጠና ክፍሉ አዲስ ወረቀት» አለ ግምጃ ቤት ኃላፊው። «ማስጠንቀቂያው ከላይ፣ ሥራው በቁጥር ከታች። በአንድ ቁጥር አንድ ሥራ ብቻ። አራተኛው ‹ብሎኖቹን በቁልፍ አጥብቅ› ይል ነበር። ከአሥር ቀን በፊት ጠፋ። የወሰደው ሰው ግን ጨዋ ነው፤ ቀለሙን እንኳ ሳይልጥ ነው ያነሳው።»

ሻምበሏ ምልክቶቹን በጣቷ ዳሰሰች። እንዲህ ወረቀት የሚያነሳ ሰው በሰፈሩ አንድ ብቻ ነው።

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ሠላሳ አምስት ዓመት የሰፈሩን መመሪያ ሁሉ ጽፈዋል። ያለ «ሲሆን» ዓረፍተ ነገር ስለማይሆንላቸው ስማቸው «ጋሼ ሲሆን» ሆኖ ቀርቷል። ሻምበሏን ሪፖርት መጻፍ ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው።

«ነይ የኔ ልጅ፣ ቁጭ በይ።»

«ጋሼ፣ ይቺን ያንብቡልኝ።»

አነበቡላት። «ይጠብቃል»ን አላልተው ነው ያነበቡት፤ ክዳኑ ጥብቅ ይላል እንደማለት።

«ሜካኒኩ አጥብቆ አነበባት» አለች። «ላልታ ስትነበብ ብሎን ታጠብቃለች። ጠብቃ ስትነበብ ሰው ታስጠብቃለች። ወረቀት ላይ ግን አንድ ናት።»

ጋሼ ሲሆን መነጽራቸውን አወለቁ።

የገቢ መዝገቡን ከጠረጴዛቸው ላይ ሳበች። የጠረጠረችው አልቀረም፤ በዚያ ባማረ የእጅ ጽሑፍ ሰፍሮ አገኘችው። «ገቢ ቁጥር 418። ከፓምፕ ክፍል ግድግዳ የመጣ። አንድ ገጽ።»

«ጋሼ፣ ሰው የሰረቀውን ይመዘግባል?»

«ታዲያ ወረቀት ሳይመዘገብ ይግባ?»

ሳቋ መጣ፤ እንባዋም መጣ።

«ለምን ወሰዱት?»

«እንዲህ በቁጥር ሲቆራረጥ ቋንቋው ይደኸያል ብዬ ነበር። ለራሴ ያልኩት እሱን ነው። እውነቱ ግን ቀናሁ። የኔን መጽሐፍ ትተው ያቺን አንዲት ገጽ ሲያነቡ አየሁና ቀናሁ።»

የምትወደውን ሰው ከምትይዝ ሻጥረኛ ብትይዝ በወደደች።

«የሜካኒኩ ሚስት ምጥ እንደያዛት ተደውሏል» አለች። «ቃልዎን ይጻፉልኝ።»

ብዕራቸውን አነሱ። «ከላይ የተጠቀሰው ወረቀት ከግድግዳው ተነስቶ የተገኘ ሲሆን...»

ወረቀቱን መለሰችላቸው። «ማን አነሳው?»

ወረቀቱን አጥፈው ወደ ጎን አደረጉት። ከዚያ ሌላ ወረቀት ሳቡና ጻፉ።

«1. ወረቀቱን ያነሳሁት እኔ ነኝ።
2. ለማንም አልተናገርኩም።
3. ሜካኒኩ ጥፋት የለበትም።»

አዛዡ አንዴ አነበቡት። የሚጠይቁት አልነበራቸውም። ስልክ አንስተው ሜካኒኩ እንዲፈታና መኪና እንዲሰጠው አዘዙ።

ሻምበሏ ጋሼ ሲሆንን ክንዳቸውን ደግፋ ራሷ ወደ እስር ክፍሉ ወሰደቻቸው። በሩ ላይ ሜካኒኩ ጫማውን እያሰረ ነበር።

«ያሳሰርኩህ እኔ ነኝ፤ መመሪያውን የጻፍኩት» አሉት።

ቀና ብሎ አያቸው። መኪናው ውጭ ጥሩንባውን እየነፋ ነው።

«የልጄን የልደት ወረቀት እርስዎ ይጽፉልኛል» አላቸው። «ባጭሩ ግን።»