የአጎቴ ጭነት

ሾፌሩ የጭነት መኪናውን ሸራ ሲያስር ከውስጥ አንድ ልጅ አስነጠሰ።

ሠላሳ አንድ ናቸው። ከነዩኒፎርማቸው ከክፍል የተለቀሙ። ነገ ጠመንጃ ይታደላቸዋል።

መልማዩን «አጎቴ» ይሉታል። እንዲህ ብለው እንዲጠሩት በጥፊ አስተምሯቸዋል።

ሾፌሩ ስምንት ወር ሙሉ አብሮት በልቷል፣ አብሮት ስቋል። ሰላይ ነው። ወሬ የሚያቀብለው ለሰላም አስከባሪው ጦር ነው፤ እዚያ ማንነቱን የሚያውቀው ሻለቃው ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት ሻለቃው ጎሚስታው ጋ ብጣሽ ወረቀት ሰጥቶታል። «ሦስት ሰዓት። ድልድዩ ላይ እንይዛቸዋለን።»

አጎቴ ወደ ጋቢናው ተጠጋ።

«ድልድዩ ላይ እንዳትቆም። ሻለቃው ኬላውን ያስከፍትልሃል።»

«ሻለቃው?»

«ወዳጄ ነው። መሀላችን ወሬ አቀባይ አለ ብሎኛል። ስሙን ከሰዓት ስንገናኝ ይነግረኛል።»

ሻለቃው ተሽጧል።

ኬላው ላይ ያሉት ተራ ወታደሮች ግን አልተሸጡም። ልጆቹን በዓይናቸው ካዩ ማሳለፍ አይችሉም።

«እኔ በፒካፕ እከተላለሁ» አለ አጎቴ። ክላሽ የተሸከመ ልጅ ወደ ጋቢናው ገፋ። ሚጢጢ ይሉታል። «ካቆመ በለው!»

«እሺ፣ አጎቴ» አለ ልጁ።

መንገድ ላይ ልጁ ፔዳሉን አየ።

«ጋሼ፣ መንዳት ከባድ ነው?»

«እግርህ መድረስ አለበት።»

«የኔ ይደርሳል።» እግሩን ዘረጋ። አልደረሰም።

ኬላው ክፍት ነው። ወታደሮቹ «እለፍ! እለፍ!» ይላሉ።

ሾፌሩ መሪውን ጠመዘዘው።

መኪናው ድልድዩን አግድሞ ቆመ። ፒካፑ ከኋላ ገጨው። ሾፌሩ ቁልፉን ነቅሎ ወንዙ ውስጥ ወረወረው።

«ልጆች ናቸው! ሸራውን ክፈቱት!»

ሚጢጢ ክላሹን ደገነበት።

«ለምን አቆምክ? ይገለኛል እኮ!»

«ጣለው፣ የኔ ልጅ። ወደ ውጭ ጣለው!»

ልጁ ሊጥለው በሩን ከፈተ። ከኬላው የታየው ጠመንጃው ብቻ ነው።

አንድ ጥይት።

ሸራው ተከፈተ። ወታደሮቹ አጎቴን ከፒካፑ ጎትተው አስተኙት። «ሁሉም የእህቴ ልጆች ናቸው!» እያለ ይምላል።

ሻለቃው በዚያው ሳምንት በክብር ወደ አገሩ ተሸኘ።

ሪፖርቱን የጻፈው ጸሐፊ ለሾፌሩ አነበበለት። «ሠላሳ አንድ ልጆች ተርፈዋል። አንድ ታጣቂ ተገድሏል።»

«ታጣቂ አይደለም። ልጅ ነው።»

«እናስተካክለዋ። ስሙ ማን ነው?»

ሾፌሩ አያውቀውም።

ከወር በኋላ፣ በሌላ ከተማ፣ በሌላ መታወቂያ፣ የውኃ ቦቴ ላይ ተቀጠረ። ረዳት አልፈልግም አለ። ለምን ብሎ የጠየቀው የለም።