ከፍሪጁ በላይ

«እንኳን መጣሽ የኔ ልጅ!» አለች ሴትዮዋ። ዴልያ መልስ ከመስጠቷ በፊት ሴትዮዋ ደረቷ ላይ ክብ ወረቀት ለጥፋባት ነበር። «ወጣት የሚባል ጠፍቶ ተስፋ ልንቆርጥ ነበር እኮ። ነይ፣ እዚህ ከኔ ጋር ተቀመጪ።»

ዴልያ ጎንበስ ብላ አየች። ወረቀቱ «ቆልፉት» ይላል። ነገሩ ያኔ ገባት። በክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ኮሪደር ግራና ቀኝ የተቀመጡት፣ መሣሪያ ይቆለፍ የሚለውን ረቂቅ ሕግ ሊደግፉ የመጡት ሰዎች በሙሉ ብርቱካናማ ለብሰዋል። እሷም ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሳለች። የሷ ግን የአዳኝ ሰደርያ ነው፤ ጫካ ውስጥ ሌላው አዳኝ አጋዘን መስሎት እንዳይተኩስ የሚለበሰው። የትምህርት ቤቷ የዒላማ ተኩስ ቡድን መለያም እሱ ነው። ጀርባው ላይ የጠመንጃ ባለቤቶች ማኅበር ስም በትልልቁ ተጽፏል። ሴትዮዋ ጀርባዋን አላየችም።

ዴልያ ሽንት ቤት ስትፈልግ ነበር ከቡድኗ የተነጠለችው። «ይቅርታ፣ እኔ እንኳ...» ልትል ጀመረች። ሴትዮዋ ግን ሳንድዊቿን ለሁለት ገምሳ ግማሹን እጇ ላይ አስቀመጠችላት።

«ኦፓል እባላለሁ። ሌሊት ነው ከቤቴ የወጣሁት። ብይ እንጂ፤ እኛን የሚጠሩን መጨረሻ ላይ ነው።»

ዴልያ ተቀምጣ በላች። ጀርባዋን ከግድግዳው አላላቀቀችም።

«ትናገሪያለሽ?» አለቻት ኦፓል።

«አዎ።»

«ጎበዝ። እኔ ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። ጨርሼ ግን አላውቅም።»

«ለምን?»

«ጊዜሽ አለቀ የሚለው ደወል ይቀድመኛላ!» ብላ ሳቀች ኦፓል። ሳቋ ቶሎ አለቀ።

ረቂቁ አጭር ነው፤ ልጅ ባለበት ቤት የጦር መሣሪያ ተቆልፎ ይቀመጥ ይላል። ዴልያ ረቂቁን ተቃውማ የምታነበው ንግግር ኪሷ ውስጥ ነበር። የጻፈው ሕግ አውጪዎችን የሚያግባባው የማኅበሩ ወትዋች ሚስተር ሃርላን ነው። ከቡድኑ ሁሉ ጥሩ ተኳሽ እሷ ስለሆነች መረጧት። ንግግሩን በቃሏ ይዛዋለች። አንድ መስመር ብቻ ያደናቅፋት ነበር፤ «በእኛ ቤት መሣሪያ ሁልጊዜ በጥንቃቄ ይቀመጣል» የሚለው።

በእነሱ ቤት የአባቷ ሽጉጥ ጥይት እንደ ጎረሰ ፍሪጁ ላይ፣ ከቁርሱ ኮርን ፍሌክስ ካርቶን አጠገብ ነው የሚቀመጠው። ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ የአምስት ዓመት ወንድሟ ኦቲስ ወንበር ላይ ቆሞ፣ በጣቶቹ ጫፍ እየተንጠራራ ከፍሪጁ በላይ ሲዳብስ አገኘችው። ኮርን ፍሌክስ ፈልጎ ነው። ያወረደውም ኮርን ፍሌክስ ነው። ለአባቷ ስትነግረው፣ «ሌባ ሲገባ ቁልፍ ስፈልግ ልሙት እንዴ?» ብሎ ነገሩን ዘጋው።

«ዴልያ!» የሚል ድምፅ ኮሪደሩን አናወጠው። የቡድኗ ልጅ ኮልቢ ነበር። «አገር ምድሩን ስንፈልግሽ አንቺ ጠላት ሰፈር ቁጭ ብለሽ ሳንድዊች ትገምጫለሽ? ኧረ ሙድ አለሽ!»

ዴልያ ተነሳች። ስትነሳ ጀርባዋ ታየ። ኦፓል ጽሑፉን አነበበች።

«ይቅርታ» አለች ዴልያ። «ልነግርዎት ነበር።»

«ሳንድዊቹን ጨርሺው» አለች ኦፓል፣ ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ።

ዴልያ ክቡን ወረቀት ልጣ ኪሷ ከተተችው።

አዳራሹ ውስጥ ሚስተር ሃርላን ከኮሚቴው ሰብሳቢ ጋር ቆሞ ስለ ዓሣ ማጥመድ ይሳሳቃል። ዴልያን ሲያይ መጥቶ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት።

«እንዴት ነሽ የኔ አንበሳ? ደግሞ እንዳትፈሪ። ሕጉ እንደሆነ ከዚህ ክፍል አይወጣም።»

«በምን ያውቃሉ?»

«ሰብሳቢው ለድምፅ አያቀርበውማ። ከሳምንት በፊት ነግሮኛል።»

«ታዲያ እኛ ለምን መጣን?»

ሚስተር ሃርላን የሕፃን ጥያቄ እንደ ሰማ ሰው ፈገግ አለ። «እንዲያዩሽ ነዋ!»

ዴልያ ቦታዋ ተቀመጠች። ስለ ፍሪጁ ብትናገርስ? ከነገ ጀምሮ ትንሿ ከተማቸው ውስጥ አባቷን የማያማው አይኖርም። ቡድኑ የሚተኩስበትን ጠመንጃም፣ ጥይቱንም፣ ዛሬ የመጡበትን አውቶቡስም የሰጠው ማኅበሩ ነው። ይህ ሁሉ ይሁን ብትል እንኳ፣ ነገሩ ከሳምንት በፊት አልቋል። ያለቀ ነገር ላይ ምን ይባላል?

ስሟ ሲጠራ ማይክሮፎኑ ፊት ቀርባ ማንበብ ጀመረች። ስለ ሥልጠናቸው አነበበች፤ ጠመንጃ የያዘ ልጅ ኃላፊነትን እንደሚማርም አነበበች። ሕግ ሳይሆን ትምህርት ነው የሚያስፈልገው የሚለውን የቡድኑ አሠልጣኝ ግሬዲ እንዳስጠኗት ቀስ ብላ፣ ከወረቀቱ ቀና ብላ ተናገረችው። ቀና ስትል ኦፓልን አየቻት። በሩ አጠገብ ቆማለች።

«በእኛ ቤት» አለች ዴልያ።

ቆመች። አንዲት የኮሚቴ አባል ከስልኳ ላይ ዓይኗን አነሳች። ዴልያ ወደ ወረቀቱ አጎነበሰች። ከዚያ መስመሩን ዘልላ የሚቀጥለውን አነበበች። ስትጨርስ ተጨበጨበላት።

ኦፓል የተጠራችው ከምሳ በኋላ ነው። ከኮሚቴው ወንበሮች ብዙዎቹ ባዶ ነበሩ። ሰብሳቢው ጊዜ ስላነሰ ለቀሩት ተናጋሪዎች ግማሽ ደቂቃ ብቻ እንደሚሰጥ አስታወቀ።

«ልጄ ሩፈስ ይባል ነበር» አለች ኦፓል። እጆቿ ጠረጴዛውን ይዘዋል። «እሑድ ጠዋት ነው። ሁላችንም ቤት ነበርን። ሁላችንም። እኔ እታች ልብስ ሳጥብ...»

ደወሉ ጮኸ።

«እናመሰግናለን» አለ ሰብሳቢው። «ቀጣይ።»

ወደ ቤት ሲመለሱ አሠልጣኝ ግሬዲ አውቶቡሱ ውስጥ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። «አንድ መስመር ዘለልሽ አይደል?»

«አዎ፣ ዘለልኩ።»

«ግድ የለም፤ ፍርሃት ነው። ማንም ልብ አላለም።»

ከኋላ ኮልቢ ስልኩን ከፍ አድርጎ ብድግ አለ። «ተዘጋ! ስብሰባው ድምፅ ሳይሰጥበት ተዘጋ! አሸነፍናል፣ አንድ ለዜሮ!» አውቶቡሱ በጩኸት ተሞላ። ዴልያ በመስኮቱ የታጨደውን የበቆሎ ማሳ ታይ ነበር።

አባቷ በር ላይ ነበር የጠበቃት። ንግግሯን በስልኩ ሁለቴ እንዳየው ነገራት። አቀፋት፤ ሸሚዙ የጋራዡ ዘይት ይሸታል። «ኮራሁብሽ ዴሊ። በዚያን ሁሉ ሰው ፊት!»

እራት እስኪደርስ ድረስ ዴልያ የወጥ ቤቱን መሳቢያ ስትበረብር ቆየች። ከባትሪዎችና ከአሮጌ ደረሰኞች ሥር የምትፈልገውን አገኘች፤ ሽጉጡ ሲገዛ አብሮ የመጣውን ባለሽቦ መቆለፊያ። ፕላስቲኩ አልተቀደደም። ቁልፎቹም ውስጡ አሉ። አባቷ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልለምንህ?»

አባቷ መቆለፊያውን አየ። ከዚያ እሷን አየ። ኦቲስ ጠረጴዛው ሥር መኪናውን እየነዳ በአፉ እንደ ሞተር ያጓራል።

«እኔ ነኝ የምቆልፈው» አለች። «ቁልፉን አንተ ትይዛለህ። ለኦቲስ ብለህ ነው።»

አባቷ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። «ዴሊ» አለ በለሆሳስ፣ የምር ግራ እንደገባው ሰው። «አያስፈልግም ያልሽው ራስሽ አይደለሽ እንዴ? ዛሬ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት?»

የዘለለችውን መስመር እሱም ልብ አላለውም።

አባቷ መቆለፊያውን አንስቶ ወደ መሳቢያው መለሰና እጁን ሊታጠብ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ኦቲስ ከመንቃቱ በፊት፣ ዴልያ ኮርን ፍሌክሱን ከፍሪጁ ላይ አውርዳ ያለ ወንበር እጁ የሚደርስበት ታችኛው ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው።