ተቀምጦ የሚለካ እጅጌ

ይህ በእኔና በልጄ ላይ የደረሰ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሁለት ዓመቴ ስለሆነ አንዲት ገጽ ለመጻፍ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ውሸት ለመጻፍ ጉልበቱም የለኝ።

ማክሰኞ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ፀሐዩ ወለል ብሎ ወጥቷል... ጨለማ ነው ያስፈራት እንዳትሉኝ።

የምሠራው ከብየዳ ቤት በላይ ባለ ፎቅ ላይ፣ ቆዳ ጃኬት የሚሰፋበት ቤት ነው። የድሮ አውሮፕላን አብራሪዎች ይለብሱት የነበረውን ዓይነት። እኔ የምሰፋው እጅጌ ብቻ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እጅጌ!

ቆራጫችንን "ጋሼ ሚሊ" እንላቸዋለን። ለአንዲት ሚሊሜትር ቀኑን ሙሉ ሲነጫነጩ ይውላሉ። መጀመሪያ ያስተማሩኝ ይህን ነው፦

"የአብራሪ እጅጌ ቆሞ አይለካም። ሰውየው ይቀመጥ። መሪ እንደያዘ ሰው ሁለት እጁን ወደ ፊት ይዘርጋ። ያኔ እጅጌው ጫፍ ላይ ያለው ሹራብ የእጁ አንጓ አጥንት ላይ ካረፈ ልክ ነው። ሲቆም አውራ ጣቱ ሥር ቢደርስ አይግረምሽ።"

ያን ማክሰኞ አንዲት አሮጊት መጡ። ያንን ሁሉ ደረጃ ወጥተው ትንፋሻቸው እንኳ አልፈጠነም።

ለልጃቸው ጃኬት ፈልገው ነው።

"ልጅዎ ይምጣና እንለካው፣ እማማ።"

"አይመጣም... ተቀምጧል።"

"ሲነሳ ይምጣላ።"

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ልጅ አለሽ?"

"አንድ አለኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።"

"እኩያው ነው። በሱ ለኪልኝ።"

ክፉ ነገር አልመሰለኝም። ባለቤቱ ካልመጣ በእኩያው መለካት በእኛ ሙያ ያለ ነው።

ቤት ገብቼ ልጄን ጠረጴዛው ጋ አስቀመጥኩትና እጁን አዘረጋሁት።

"እማዬ፣ አውሮፕላኑስ የታለ?" ብሎ ሳቀብኝ።

"አንተ ቀጮ፣ አትንቀሳቀስ!"

ስድሳ አራት ሴንቲ።

በማግስቱ የትእዛዝ ወረቀቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ እጅ ሞላሁ። ኩራቴን ብታዩ! "ስም" የሚለው ቦታ ስደርስ ግን ቆምኩ። የአሮጊቷን ልጅ ስም አልጠየቅኩም። ሳልሳሳት መጻፍ የምችለው የወንድ ስም ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

የልጄን ስም ጻፍኩ።

ጃኬቱን ሐሙስ ወሰዱት። ማክሰኞ፣ ዘጠኝ ተኩል ላይ መለሱት።

"አጠረው።"

"በስንት?"

"በአንድ ጣት።"

ስቀበላቸው ውስጡ ይሞቅ ነበር... ገና አሁን ከሰው ላይ የወለቀ ይመስል። ክርኑ ላይ ደግሞ እጥፋት አለ። በአምስት ቀን የሚመጣ እጥፋት አይደለም፤ የዓመታት ነው።

ጋሼ ሚሊ አገላበጡትና መነጽራቸውን አወለቁ።

"እናት... ይህን የለበሰው ሰው ተነስቶ አያውቅም።"

"በምን አወቁ?" አልኳቸው እኔ።

"ቢነሳማ እጥፋቱ ዘርጋ ይል ነበር።"

ከሹራቡ በላይ አንድ ጣት ቆዳ ቀጠልኩበትና ሰጠኋቸው። ምን ላድርግ? ሥራ ነው።

የዚያን ዕለት ልጄ አኩርፎ ጠበቀኝ።

"እማዬ፣ ሸሚዜን በፈላ ውሃ አጠብሽው እንዴ?"

አንጓው ከእጅጌው ወጥቷል። በአንድ ጣት።

"እያደግክ ነዋ፣ የኔ ቀጮ" አልኩት።

ሱሪው ግን ልኩ ነበር። ጫማውም ልኩ ነበር።

በቀጣዩ ማክሰኞ፣ ዘጠኝ ተኩል ሲል አሮጊቷ ከፊቴ ቆመዋል። ደረጃው ላይ ኮቴ አልሰማሁም።

"አጠረው። አንድ ጣት ጨምሪ።"

"አልጨምርም።"

"እኔም ደክሞኛል፣ ልጄ።"

እውነታቸውን ነው። ፊታቸው ላይ ክፋት የለም። የእናት ድካም ነው ያለው፤ በየጠዋቱ መስታወት ውስጥ የማየው ድካም። ጃኬቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና ጎንበስ ብለው ሹክ አሉኝ።

"የኔው እኮ... ትናንት ተነሳ።"

ነፍስና ሥጋዬ ተለያየ። ጃኬቱን አፈፍ አድርጌ ወደ ቤቴ እግሬ አውጪኝ አልኩ።

ልጄ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። ሁለት እጁ ወደ ፊት ተዘርግቷል። ዓይኑ ባዶው ግድግዳ ላይ ነው።

"ተነስ።"

"እሺ እማዬ..."

አልተነሳም።

"ተነስ እኮ ነው የምልህ!"

"ትንሽ ቆዪ" አለ በቀስታ። "መሪውን ብለቀው ይወድቃል።"

"ምኑ ነው የሚወድቀው?"

ዓይኑን ከግድግዳው አልነቀለም።

ምላጬን አወጣሁ። የገዛ ስፌቴን ከጃኬቱ ትከሻ ጀምሬ አንድ በአንድ ፈታሁት። አንዱ እጅጌ ወደቀ... ልጄ ንቅንቅ አላለም። ሁለተኛው ሲወድቅ ከውሃ ውስጥ እንደወጣ ሰው አየር ሳበ።

ተነሳ።

"እማዬ፣ ራበኝ" አለ። ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

የትእዛዝ ወረቀቱን በማግስቱ አቃጠልኩት። ስሙ ያለበት ቦታ ነበር መጨረሻ የነደደው።

ይህ ከሆነ ወር አለፈው። አሮጊቷ አልተመለሱም። ልጄ ይበላል፣ ይቀልዳል፣ ሥራውም ይሄዳል። እኔ ነኝ እንቅልፍ ያጣሁት።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን ግን... ቆሞ እያወራም ቢሆን... ሁለት እጆቹ ቀስ ብለው ወደ ፊት ይነሳሉ። ክርኖቹ ይታጠፋሉ። ጣቶቹ የሌለ ነገር ይጨብጣሉ። እሱ ወሬውን አያቋርጥም። እጆቹን ልብ አይላቸውም።

ይዤ ላወርዳቸው ብዙ ጊዜ ሞክሬ ተውኩት። ይወድቃል ያለው ነገር ምን እንደሆነ አላውቅማ።

ልጄ ተነስቷል።

እጆቹ ግን እስካሁን እንደተቀመጡ ናቸው።