ጃንጥላ የያዘችው አሮጊት

«ልሂድ ወይስ ልቅር?»

ጥያቄው ከፑሪንግ ራስ በላይ፣ ሲባጎ ላይ፣ በልብስ መቆንጠጫ ተይዞ ሳምንቱን ሙሉ ተንጠልጥሏል። ነፋስ ሲመጣ ይወዛወዛል፤ ዝናብ ሲያካፋ ላስቲክ ታለብሰዋለች። ሰፈሩ በሙሉ አንብቦታል። ያላነበበችው የተጠየቀችው እሷ ብቻ ነበረች። ዛሬ ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ጣቷን ከቃል ወደ ቃል እያስኬደች ያንን ገጽ ታነበዋለች። ያኔ ግን ፊደል አትለይም ነበር።

ይህንን ደግሞ የሚያውቅ አልነበረም። ማላቦን በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ውስጥ፣ ከዓሣ ገበያው ማዶ፣ ጂፕኒ የሚባሉት የሕዝብ ማመላለሻ መኪኖች ሰው በሚጭኑበት ጥግ የሥዕል መጽሔት የምታከራይ ሴት ማንበብ አትችልም ብሎ ማን ይጠረጥራል? መጽሔቶቹን ሲባጎ ላይ ትሰቅላለች፤ ደንበኛው ሳንቲሙን ሰጥቶ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ፣ አንብቦ ይመልሳል። ሥራውን ከእናቷ ነው የወረሰችው። እያንዳንዱን መጽሔት በሽፋኑ ቀለም፣ ጀግናውን በልብሱ ታውቀዋለች። አዲስ ሲመጣ የመጀመሪያውን ደንበኛ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ፣ ጎረቤቱም እንዲሰማ ትለምነዋለች። ሰዉ ይህንን ለጋስነቷን ይወድላታል። እሷን የሚያስጨንቃት አንድ ነገር ነበር፦ አንድ ቀን አንዱ ገጽ ገልጦ «እዚህ ጋ ምን ይላል?» ያላት እንደሆነስ?

በዚያ ዓመት የዝናብ ወራት አንድ ወፍራም መጽሔት ወጣ። ውስጡ የብዙ ጀግኖች ታሪክ አለ፤ ባሕር ውስጥ የምትተነፍስ ዓሣ ሻጭ፣ ክንዷ እንደ ገመድ የሚረዝም ልብስ አጣቢ፣ ጥይት የማይበሳው ደወል ደዋይ። ሁሉንም የሚያገናኛቸው በዘመናት መካከል የሚመላለስ ጂፕኒ ነው። ጀግኖቹ ተራ በተራ ይሳፈራሉ፤ ሾፌሩ ደግሞ በወጣትነቱ ከመኪናው ወርዳ የቀረችበትን አንዲት ልጅ ፍለጋ ወደ ኋላ፣ ወዳለፈው ዘመን ይነዳል። በየታሪኩ መሐል ያሉት ጥቂት ገጾች የሱ ናቸው።

ወፍራም መጽሔት ለኪራይ አይመችም፤ አንዱ ይዞት ሲቀመጥ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ ፑሪንግ፣ አከራይ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ገጾቹን የያዘውን ሽቦ ነቅላ በየታሪኩ በታተነችው። እጅ የበላውን ጠርዝ በመቀስ ስትከረክም የገጹ ቁጥር አብሮ ሄደ። ሰዉ አንብቦ ሲጠግብ በመርፌና በክር መልሳ ሰፋችው። የሾፌሩን ገጾች በምን ቅደም ተከተል ታስቀምጣቸው? ፀጉሩን አየች። ጥቁሩን ከፊት፣ ሽበቱን ከኋላ አደረገች። ሰው የሚኖረውስ እንዲህ አይደል?

አንድ ከሰዓት በኋላ ጣቶቹን ቀለም የነካቸው ቀጭን ወጣት መጥቶ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ የሩዝ ኬክ የሚሸጡት እትዬ ባሲሊያ ወፍራሙን መጽሔት ዘግተው ዓይናቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ወጣቱ ምን እንዳስለቀሳቸው ጠየቃቸው።

«መጣችለት እኮ» አሉ እትዬ ባሲሊያ። «ዕድሜ ልኩን ፈልጎ፣ ፈልጎ፣ መጨረሻ ላይ አርጅታ፣ ያንኑ ጃንጥላዋን ይዛ ጂፕኒውን አስቆመችው። ተመስገን ነው። እኔማ ሳያገኛት ሊሞት ነው ብዬ አንጀቴ ሲቃጠል ነበር።»

ወጣቱ መጽሔቱን ተቀብሎ ያገላብጥ ጀመር። ታሪኩን የጻፈውም የሳለውም እሱ ነበር፤ ስሙ አንሰልሞ ይባላል። እሱ ታሪኩን የጀመረው በሽማግሌው ሾፌር ነው፤ ወደ ኋላ በነዳ ቁጥር ፀጉሩ እየጠቆረ ይሄዳል። የጨረሰው ደግሞ ልጅቷ በዝናብ ጃንጥላዋን ዘርግታ ስትወርድ፣ ሾፌሩም ያን ሁሉ ዘመን ተጉዞ መጥቶ ሊያስቀራት ሲያቅተው ነው። አሮጊቷ የመጀመሪያው ገጽ ላይ መንገዱ ባዶ እንዳይመስል ብሎ የጣላት አላፊ አግዳሚ ነበረች። ጃንጥላ ያስያዛትም ፊቷን መሳል ሰንፎ ነው።

ማን እንደሰፋው ጠየቀ። እትዬ ባሲሊያ በአገጫቸው ወደ ፑሪንግ አመለከቱ።

«ለምን እንዲህ አድርገሽ ሰፋሽው?» አላት።

ፑሪንግ የፈራችው ቀን የመጣ መሰላት። ዓይኗን ሰበረች፤ መቆንጠጫዎቹን አንዱን ባንዱ ላይ ትደረድር ጀመር። እሱም ፊቷን አይቶ፣ መጽሔቱን አይቶ፣ እንደገና ፊቷን አየ።

«እኔ እነሱን ማገናኘት አቅቶኝ ነበር» አለ ዝግ ብሎ።

ከዚያ ወዲያ አንሰልሞ አግዳሚውን ለመደው። መጀመሪያ ሰበብ ይፈልግ ነበር፤ በኋላ ሰበቡንም ተወው። ያልታተሙ ሥዕሎቹን እያመጣ ያሳያታል። እሷ ደግሞ ይቺ ሴት ተቆጥታ ሳይሆን ፈርታ ነው፣ እጇን እይ ትለዋለች፤ በማግስቱ አስተካክሎ ይመጣል። በሥዕሎቹ ላይ ቀለም የሚያስገባው ጓደኛው ቤኒቶ ባለፈ ቁጥር ይለክፈዋል፤ «የተከራየኸው መጽሔቱን ነው ወይስ አከራይዋን?» ይለዋል። ሦስቱም ይስቃሉ። ፑሪንግ ግን ስቃ ስትጨርስ ስጋት ይይዛታል። አንሰልሞ የሚኖረው በፊደል ነው። ይህንን ነገሯን ያወቀ ዕለት እንዴት ያያት ይሆን? ጽሑፍ ያለበት ገጽ ሲሰጣት «ኋላ ረጋ ብዬ አየዋለሁ» ትለዋለች። ሲሄድ ሥዕሉን ታየዋለች፤ ፊደሉን በጣቷ ትዳስሰዋለች።

ዝናቡ ሊያበቃ ሲል አሜሪካ ያሉ አሳታሚዎች አንሰልሞንና ቤኒቶን ለሥራ ጠሯቸው። ቤኒቶ በደስታ ዘለለ። አንሰልሞ አልዘለለም። ፑሪንግን በአፉ ሊጠይቃት ሁለት ጊዜ መጥቶ፣ ሁለቱንም ጊዜ ስለ አየሩ አውርቶ ተመለሰ። በመጨረሻ የሚያውቅበትን አደረገ፤ ሳለው። ጂፕኒው ጥግ ላይ ቆሟል፤ ሾፌሩ በመስኮቱ ብቅ ብሏል፤ ጃንጥላ ያጠላባት ልጅ ቆማለች። ከሾፌሩ አፍ የወጣው ጽሑፍ «ፑሪንግ፣ አሜሪካ ጠርተውኛል። ልሂድ ወይስ ልቅር?» ይላል። ደንበኛ ከቧት ሳለ «አዲስ ገጽ ነው» ብሎ አስቀምጦላት ሄደ።

ሥዕሉ ደስ አላት። ሰውም ይይላት ብላ ከፊት ለፊት ሰቀለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዉ እያየ ፈገግ ይላል፤ ይንሾካሾካል። ራሷ ሰቅላዋለችና አላነበበችውም ብሎ ማን ያስብ? አንሰልሞም ከሩቅ አይቶ፣ መልሷን ባደባባይ ልትሰጠኝ ነው ብሎ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቅ ጀመር። በአራተኛው ቀን ነገረኛው ኦንዶይ፣ የጂፕኒ ሾፌር የሆነው፣ ወደ ገጹ ጠቆመና «እና ምን ትያለሽ እህቴ፣ ሰውዬው ይሂድ ወይስ ይቅር?» አላት።

ፑሪንግ ታሪኩን የጠየቃት መሰላት።

«ይሂድ እንጂ» አለች እየሳቀች። «ቆሞ የሚውል ሾፌር ምን ይበላል?»

አግዳሚው ላይ ያሉት እርስ በርስ ተያዩ። ወሬው ከምሳ በፊት አንሰልሞ ጆሮ ገባ። ከዚያ በኋላ ከሩቅም አልታየም። እሷም ቀረ፣ ሰለቸሁት ማለት ነው ብላ መቆንጠጫዎቿን ስትደረድር ሰነበተች።

ሳምንቱ ሲሞላ ጠዋት እትዬ ባሲሊያ የሩዝ ኬክ ቅርጫታቸውን አስቀምጠው ፊት ለፊቷ ቆሙ።

«አንቺ ልጅ፣ ልብሽ ከምንድን ነው የተሠራው? ባትፈልጊው እንኳ ሰው እንዲህ ባደባባይ ይሸኛል?»

«ማንን ሸኘሁ?»

እትዬ ባሲሊያ የተሰቀለውን ገጽ በጣታቸው መቱት። ፑሪንግ ገጹን አየች። እሳቸውን አየች። ስንት ዓመት ከሰው አፍ ስትፈራው የኖረችው ነገር ከራሷ አፍ ወጣ።

«እዚህ ጋ ምን ይላል?»

 እትዬ ባሲሊያ ጠጋ ብለው ጣታቸውን ከቃል ወደ ቃል እያስኬዱ አነበቡላት። ፑሪንግ ተቀመጠች።

«አይዞሽ» አሉ። «እኔስ ፊደል የቆጠርኩት ባሌን ከቀበርኩ በኋላ አይደል? አስቆጥርሻለሁ። አሁን ግን የሚያስቸኩለው ሌላ ነው፤ ልጁ የሚሄደው ዛሬ ነው።»

ተነሥታ ልትሮጥ ስትል የኦንዶይ ጂፕኒ ጥጉ ላይ ቆመ። ጣሪያው ላይ ሁለት ሻንጣ ታስሯል። አንሰልሞ ብቻውን ወረደ። ያቺን የሰፋሻትን መጽሔት ሽጪልኝ አላት፣ ዓይኗን ሳያይ።

ፑሪንግ መጽሔቱን አንሥታ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

«ለምን እንዲህ እንደሰፋኋት ጠይቀኸኝ ነበር» አለች። «በፀጉሩ ነው። ጥቁሩን ከፊት፣ ሽበቱን ከኋላ። ማንበብ አልችልም፣ አንሰልሞ። ጥያቄህን የሰማሁት አሁን ነው፤ እትዬ ባሲሊያ አንብበውልኝ።»

 ከዚያም ሳቁን፣ ወይም ከሳቅ የባሰውን፣ ማዘኑን ጠበቀች። አንሰልሞ ግን አግዳሚው ላይ ቁጭ አለና ሳምንቱን ሙሉ ይዞት የከረመውን ትንፋሽ በረጅሙ ለቀቀው።

«ታዲያ ይሂድ ያልሽው?»

«የሥዕሉን ሾፌር ነዋ።»

«እኔስ?»

«አንተ ቅር።»

ኦንዶይ ጥሩምባውን ነፋ። እትዬ ባሲሊያ አንገታቸውን ወደ ጂፕኒው አዙረው፣ ሰው እያወራ ነው፣ ምን ያስጮህሃል አሉት። ቤኒቶ በመስኮት ብቅ አለ፤ ሁለቱን አየ፤ የተሰቀለውን ገጽ አየ።  ጂፕኒው ሲነሣ እጁን ለረጅም ጊዜ አውለበለበ።

የአንሰልሞ ሻንጣ ጣሪያው ላይ መሆኑን ያስታወሰ አልነበረም። ቤኒቶና የአንሰልሞ ሸሚዞች አሜሪካ ሄዱ። አንሰልሞ ቀረ።