ትናንት የተቀረጸው ትዕይንት

ዳይሬክተር ሂሩካዋ በአፍ ጢሙ ተደፍቶ የተገኘው በረዶ እንዲመስል በተበተነ ጨው ላይ ነበር። አጠገቡ የወደቀው ሰይፍ በስቱዲዮው ካሉት ሁሉ ብቸኛው እውነተኛ ብረት ነው፤ ሌሎቹ ብር የተቀቡ ቀርከሃዎች ናቸው። ጨውን ያቀላው የቱ ደም እንደሆነ መለየት ግን ያስቸግር ነበር፤ የቀለም ደም ጠዋቱን ሙሉ በባልዲ ሲረጭበት ነበርና።

መርማሪ ሴኖ ከኪዮቶ ፖሊስ ተጠርቶ ሲደርስ ጉንፋን ይዞት ስለነበር መሐረቡን ከአፍንጫው ሳያነሳ ሬሳውን ዞረው። ከሬሳው ራስጌ የፊልም ቆርቆሮዎች ተከፍተው ጥቅልሎቹ ተመዝዘው ብርሃን ላይ ተጥለዋል፤ ያልታጠበ ፊልም ደግሞ ብርሃን ካየው ይበላሻል። ሴኖ ከሰይፉ ይልቅ እነሱን ረዘም አድርጎ አያቸው።

እየተቀረጸ ያለው ፊልም ቤተሰቧን የጨረሱባትን ሰዎች አንድ በአንድ እያደነች በሰይፍ ስለምትገድል ሴት ነው። ቴሌቪዥን ተመልካቹን እየነጠቃቸው ስለነበር ስቱዲዮዎቹ ደምና ራቁት ገላ በማሳየት ይፎካከሩ ነበር። ግድያው በተፈጸመበት ምሳ ሰዓት ላይ ሠራተኛው ሁሉ ወጥቶ አራት ሰዎች ብቻ ቀርተዋል፤ ሰይፈኛዋን የምትጫወተው ሚሳዎ፣ የሰይፍ መምህሩ ሽማግሌ ሙናካታ፣ የወንበዴዎቹን አለቃ የሚጫወተው ኢሶዛኪና የፊልሙ ባለቤት ኩዋባራ።

ሴኖ በመጀመሪያ ማንም የትወና ልብሱን እንዳያጥብ አዘዘ። ልብሶቹ ተሰብስበው መብራት ስር ተሰቀሉ። ሁሉም በቀይ ቀለም የተዥጎረጎሩ ነበሩ።

ኩዋባራን የከነከነው ቀረጻው መቼ እንደሚቀጥል ብቻ ነው። የተበላሹት ጥቅልሎች ዛሬ ጠዋት የተቀረጹት እንደሆኑ፣ ልጅቷ በጨው ላይ ከመራመዷ በቀር ምንም እንደሌለባቸው ለሴኖ ነገረው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሚሳዎ ከትናንት ጀምሮ አኩርፋለች አለ።

«በምን?»

«ልብስ ተቀደደ። ፊልም ነው እንግዲህ።»

የሆነውን በትክክል የተናገሩት ሙናካታ ናቸው። ስምምነቱ እጅጌዋ ብቻ እንዲቀደድ ነበር። ዳይሬክተሩ ግን ከቀረጻው በፊት ለኢሶዛኪ በጆሮው አንድ ነገር ነገረው። ካሜራው መቅረጽ ሲጀምር ኢሶዛኪ ልብሷን ከላይ እስከ ታች ቀዶ፣ ሁለት እጇን ጠምዝዞ ወደ መብራቱ አዞራት። ልጅቷ ትወናውን ትታ የሰዎቹን እውነተኛ ስም እየጠራች ጮኸች። ዳይሬክተሩ አላስቆመም።

«ሌላስ አቁሙ ያለ ሰው አልነበረም?» አለ ሴኖ።

ሽማግሌው መሬት መሬቱን አዩ። «ያ ሁሉ ሰው ቆመን አየን» አሉ። «እንዲህ ያለ ነገር ሲያልቅ ነው ለሰው የሚገባው።»

ሚሳዎ ፊቷን ሳትታጠብ ተቀምጣ ነበር። ጠዋት የትናንቱ ፊልም ወደ ቶኪዮ ሊላክ በመኪና ሲጫን ከመኪናው ፊት ቆማ እንደነበር፣ ሙናካታ ክንዷን ይዘው እንዳነሷት፣ ቆርቆሮዎቹን ለሾፌሩ ያስረከበው ራሱ ኩዋባራ እንደሆነ ነገረችው። እውነተኛው ሰይፍ የሚቀመጥበት ቁም ሳጥን ቁልፍ ምስማር ላይ እንደሚንጠለጠል የማያውቅ የለም አለች። ዳይሬክተሩን ገድለሽው ይሆን ብሎ ሲጠይቃት አልተቆጣችም።

«አስቤዋለሁ» አለች። «ግን እኔ ሰይፍ የምይዘው ካሜራ ሲኖር ብቻ ነው።»

መጨረሻ የቀረበው ኢሶዛኪ ነበር። በፊልም አረመኔ ይሁን እንጂ በኑሮው አንገቱን የደፋ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። ኦሳካ የታመመች እናቱን ሲያስታምም አድሮ፣ ስቱዲዮው የደረሰው ምሳ ሰዓት ሊሆን ሲል እንደሆነና ወዲያው የትወና ልብሱን እንደለበሰ ተናገረ። በር ላይ ሲደርስ ዞር አለ።

«መርማሪ፣ ያ ፊልም… አሁን ተበላሽቷል አይደል?»

«የትኛው?»

ኢሶዛኪ በሩን ከኋላው ዘግቶ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ሴኖ አራቱንም ጨው ላይ ሰብስቦ ልብሶቹን አስመጣ።

«ገዳዩ ከሰውየው ነፍስ ሌላ የፈለገው ነገር ነበር» አለ። «ቆርቆሮዎቹን የከፈተው የትናንቱ ትዕይንት ውስጣቸው ያለ መስሎት ሊያጠፋው ነው። ኩዋባራ የራሱን ሸቀጥ አያጠፋም። ደግሞም ፊልሙን ጠዋት በእጁ ልኮታል። ሚሳዎ ሲሄድ በዓይኗ አይታለች። መምህር፣ እርስዎም እዚያው ነበሩ። ሦስታችሁም ፊልሙ እዚህ እንደሌለ ታውቃላችሁ፤ የሌለ ነገር ፍለጋ ቆርቆሮ አትከፍቱም። የከፈተው ጠዋት ያልነበረ ሰው ነው።»

ከልብሶቹ አንዱን አነሳ። ከትናንት የቀረው የቀለም ደም አሁንም ደማቅ ነው። በቀኝ እጅጌው ላይ ያለው ትልቅ እድፍ ግን ጠቁሯል።

«ቀለም ቢደርቅም ቀይ ነው። የሰው ደም ግን እንዲህ ይሆናል። ኢሶዛኪ፣ ይህ ያንተ ነው።»

ኢሶዛኪ ጨው ላይ ተንበረከከ። ዳይሬክተሩን ፊልሙን ስጠኝ ብሎ እንደለመነው፣ ሰውየው እየሳቀ፣ ዋናው ጀግና አንተ ነህ፣ ስምህ ይወጣል እንዳለው፣ ከዚያ በኋላ ቁልፉን ከምስማሩ ማውረዱን ብቻ እንደሚያስታውስ ተናገረ።

«ቢያንስ ማንም አያየውም ብዬ ነበር» አለ።

«ፊልሙ ቶኪዮ ታጥቦ ለእይታ ይዘጋጃል» አለ ኩዋባራ። «ዛሬ ከተፈጠረው ነገር በኋላ ደግሞ አገር ምድሩ ሊያየው ይጎርፋል።»

ሚሳዎ ወደ ሴኖ ዞረች። «እርስዎ ማስቆም ይችላሉ?»

ሴኖ ስልክ ወዳለበት ሄዶ ዐቃቤ ሕጉን አነጋገረ፤ አለቃውንም አነጋገረ። ግድያው ተፈቷል፣ ፊልሙ የድርጅቱ ንብረት ነው አሉት። ሲመለስ መናገር አላስፈለገውም፤ አይታው ገባት። መሐረቡን አውጥቶ አፍንጫውን ጠረገ።

ኢሶዛኪ እጁ ታስሮ ሲወሰድ ከፊቷ ቆሞ ወገቡ እስኪታጠፍ ጎንበስ አለ።

«ላንቺ ብዬ ነው» አላት።

«ወንድም ኢሶዛኪ» አለች ሚሳዎ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «ትናንት ስጮህ የጠራሁት ያንተን ስም ነበር። ያኔ እጄን ብትለቀው ይበቃኝ ነበር።»

እሱ ጎንበስ እንዳለ ቀረ፤ ቀና እስኪል የጠበቀው ፖሊስም በመጨረሻ በክንዱ ይዞ አነሳው። ኩዋባራ ነገ ጠዋት ቀረጻ እንዳለ ለሚሳዎ ነገራት። እሷም እሺ ብላ ፊቷን ልትታጠብ ሄደች።